ለሩበን የመጣችው ፖንቲያክ

ሩበን መንገድ የጠፋበት ቀን ሲክስተን ጣሪያው ላይ ወጥቶ ነፋስ ያነሳውን ቆርቆሮ ይመታ ነበር። ከላይ ሆኖ ሲያይ የሩበን አረንጓዴ ቮልቮ ቀስ እያለች መጣችና በሩ አጠገብ ስትደርስ ሳትቆም አለፈች። ጥቂት ቆይታ ተመልሳ መጣች፤ አሁንም አለፈች። እንደገና ስትመለስ ሲክስተን በመሰላሉ ወርዶ መንገዱ መሐል ቆመና እጁን ዘረጋ።

«ምን ሆነሃል አንተ? ቤቴን ልትዘርፍ ነው እንዴ የምትሰልለው?» አለ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ።

ሩበን ሳቀ፤ ሳቁ ግን ዘገየ። ሁለት እጁ መሪውን አንቆ ይዟል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ቤትህን ቀለም ቀየርክ እንዴ?» አለ።

ቤቱ ቀይ ነበር። ሲክስተን ሲወለድም ቀይ ነበር፤ በስዊድን ዳላርና ገጠር ቀይ ያልሆነ ቤት ፈልጎ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ሲክስተን ዞር ብሎ ቤቱን አየ፤ ከዚያ ሳቅ ብሎ «ና ውረድ ባክህ፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ» አለና በሩን ከፈተለት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሩበን ሚስት ጉላን ደወለች። ጉላን ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስትመራ የኖረች፣ ነገር ማለሳለስ የማታውቅ ሴት ናት። «ሐኪሙ ነገረን» አለች። «የመርሳት በሽታ ነው። የሩበን ደግሞ የሚፈጥነው ዓይነት ነው አለ። ሩበን ራሱ ሰምቷል። ወጥተን መኪና ውስጥ ስንገባ ምን አለኝ መሰለህ? ‹ሲክስተን ሲሰማ በጣም ይናደዳል› አለኝ።»

ሲክስተን ስልኩን ዘጋና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እውነትም ተናዶ ነበር። በማን ላይ እንደሆነ ግን አያውቅም።

ሁለቱ የተዋወቁት የወተት ጥርሳቸው ሳይነቀል ነው። ሲክስተን የአናጢው ሄድሉንድ ልጅ፣ ቀጭን፣ አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት አሥር ጊዜ የሚያላምጥ። ሩበን ደግሞ ትከሻው ሰፊ፣ አፉ የማያርፍ። ከትምህርት ቤት ሲወጡ እኩል የወረቀት ፋብሪካው ገቡ፤ ሲክስተን ጥገና ክፍል፣ ሩበን ጭነት ላይ። እኩል ጡረታ ወጡ። በመንደሩ አንዱን ብቻውን ያየ ሰው «ሌላኛው ታመመ እንዴ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ፖንቲያክ የሚባል መኪና ያዩት በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው። ስዊድን በግራ መንዳት ትታ በቀኝ መንዳት የጀመረችበት ዓመት ነበር። በዚያ በጋ ኤልሜር የሚባል ሰው አክስቱን ሊጠይቅ ከአሜሪካ መጣ። አባቱ ከዚሁ መንደር በረሃብ ዘመን በባዶ ሻንጣ የሄደ ነው፤ ልጁ ግን ሲመጣ መኪናውን ሳይቀር በመርከብ አስጭኖ መጣ። አገሩ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ሊያያት ወጣ። ሰማያዊ ናት፤ ጣሪያዋ ነጭ። ከፊት እስከ ኋላ ስትታይ አታልቅም። የመንደሩ ቄስ ሁለት ጊዜ ዞሯት፣ ምንም ሳይናገር ወደ ቤቱ ገባ።

ኤልሜር ደስ የሚል ሰው ነበር። ሁለቱን ልጆች ከፊት ከጎኑ አስቀምጦ ሐይቁን አዞራቸው። መስኮቱ ተከፍቷል፤ ራዲዮው እየዘፈነ ነው። ሩበን እስከ ወገቡ ወጥቶ አይስክሬም የምትሸጥ አንዲት ኮረዳ ሲያይ «ነይ ግቢ! ወደ አሜሪካ ነው!» ብሎ ጮኸባት። አልገባችም። ከአራት ዓመት በኋላ ግን አገባችው፤ ያቺ ጉላን ናት።

ኤልሜር መኪናውን ይዞ በተመለሰ ማግስት ሁለቱ ጀልባ መቆሚያው ላይ ተቀምጠው ተማማሉ። አብረው አሜሪካ ይሄዳሉ። ልክ እንደሷ ያለች ይፈልጋሉ። ራሳቸው እየተፈራረቁ ነድተው ወደብ ያደርሷታል፤ ከዚያ በመርከብ። አንዱ ያለ ሌላው አይሄድም።

«ትሄዳለህ?» አለ ሩበን።

«እሄዳለሁ።»

«ብቻህን ብትሄድ ግን አጥንትህን ነው የምሰብረው።»

ከዚያ ኑሮ መጣ። ሩበንና ጉላን ኦሎፍ የሚባል ወንድ ልጅ ወለዱ። ልቡ ደካማ ነበር። ሩበን ከፋብሪካ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ፋብሪካ ሲመላለስ ስንት ዓመት ኖረ፤ በመጨረሻ ኦሎፍ በሰባት ዓመቱ ሞተ። በዚያ ዘመን ስለ መኪና ያነሳ ሰው የለም። ነገሩ ሲረጋጋ ደግሞ ተራው የሲክስተን ሆነ። ሚስቱ ሴት ልጃቸውን ቱቫን ይዛ ወደ ስቶክሆልም ሄደች፤ «ካንተ ጋር መኖር ከግድግዳ ጋር መኖር ነው» ብላ። ሩበን ያን ሰሞን ሳይጠራ እየመጣ፣ ሳይጋበዝ እየበላ፣ ብቻውን እያወራ ከጎኑ አልጠፋም።

ጉዞው «ለከርሞ» ሆነ። ከርሞ ሲመጣ ደግሞ ለቀጣዩ። የሚገርመው ዳላርና ማለት የአሜሪካ አሮጌ መኪና እንደ ከብት የሚረባበት አገር ነው፤ በየጎተራው አንድ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጣቱ ሁሉ ረጃጅሞቹን መኪኖች እያሰለፈ በከተማው ውስጥ ሲዞር ያመሻል። ሁለቱም የስንቱን ሰው ሞተር በሲክስተን ሰፊ የእንጨት ጎተራ ውስጥ አፍርሰው ሠርተዋል። የራሳቸው ግን አልነበራቸውም። «የኛ ገና እየመጣች ነው» ይል ነበር ሩበን፣ ሰው ሲጠይቀው።

እንግዲህ ጉላን በደወለች በሳምንቱ ሲክስተን ከአባቱ የወረሰውን ጫካ ሸጠ። ማንንም አላማከረም። ቱቫ ከስቶክሆልም ደውላ «አባዬ፣ ያን ጫካ እኮ ትወደው ነበር» ስትለው፣ «ዛፍ ነው፤ ዛፍ ሰው አይረሳም» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ ልጅቷም አልገባት፤ እሱም አላብራራ።

ሩበንን ጠራውና ኮምፒውተሩ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስንቱን የመኪና ማስታወቂያ አዩ። ሩበን በደህናው ቀን ዓይኑ እንደ ድሮው ነበር። «ይቺ ዝጋለች፤ በሩ ሥር ተመልከት፣ በቀለም ነው የሸፈኑት። ይቺ ደግሞ የፊት መብራቷ የሌላ ነው» እያለ ሲያጣጥል ሲክስተን ሐኪሙ ተሳስቶ እንደሆነስ ብሎ ያስባል። ከዚያ ሩበን ከመሬት ተነስቶ «ኤልሜር ግን ስንት ጠየቀ?» ይለዋል።

በመጨረሻ አሪዞና በረሃ ውስጥ አንዷ ተገኘች። ሰማያዊ፣ ጣሪያዋ ነጭ፣ ሥሪቷም ከኤልሜር መኪና ጋር የአንድ ዓመት። ዝናብ የማያውቅ አገር ስለሆነ ብረቷ ጤነኛ ነው። ባለቤቱ ዱዌይን የሚባል ሽማግሌ ነበር። ሲክስተን እንግሊዝኛውን የተማረው ከዘፈንና ከጥገና መጽሐፍ ስለሆነ በስልክ ሲነጋገሩ ስለ ፍሬንና ስለ ፍቅር ካልሆነ ቃል ያጥረዋል።

«አሪፍ ናት ይላል» አለ ሲክስተን ስልኩን በእጁ ሸፍኖ።

«የሚሸጥ ሰው ‹መጥፎ ናት› ሲል ሰምተህ ታውቃለህ? ለምን እንደሚሸጣት ጠይቀው» አለ ሩበን።

ሲክስተን ጠየቀ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ሚስቱ ሞታለች። ከጎኑ ያለውን ወንበር ባዶውን ማየት አልቻልኩም ነው የሚለው።»

ሩበን ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የመኪናዋን ፎቶ ቀረብ ብሎ አየ። «ተቀበለው» አለ በመጨረሻ፤ «አትከራከረው።»

«አብረን ነበር የምንሄደው» አለ ሲክስተን። «አሁንም እንችላለን። ቲኬት ልቁረጥ?»

«አውሮፕላን ማረፊያ ብጠፋብህስ? ሽንት ቤት ብዬህ ሄጄ ቻይና ነው የምታገኘኝ።» ሩበን ሳቀና ወዲያው ሳቁ ጠፋ። «ትምጣ ግድ የለም። ግን ፍጠን ሲክስተን። ራሴ ውስጥ እየዞረ መብራት የሚያጠፋ ሰው አለ። ዛሬ የኦሎፍ ስም ጠፍቶኝ ጉላንን ጠየቅኳት። የገዛ ልጄን ስም።»

ፍጠን ማለት ቀላል ነው። መኪና በባሕር ማምጣት ግን የሌላ ሰው ሥራ ላይ መንጠልጠል ነው። ከበረሃው እስከ ወደብ የሚያደርሳት ጫኝ ሌሎች መኪኖች እስኪሞሉለት ጠበቀ። ኮንቴይነሩ መርከብ ላይ ወጣ ሲባል ሲክስተን የዓለም ካርታ ገዝቶ ጎተራው ግድግዳ ላይ ለጠፈ፤ ሩበን በመጣ ቁጥር ጣቱን ባሕሩ ላይ እየነዳ «አሁን እዚህ ናት» ይለዋል። ከዚያ መርከቡ ሌላ ወደብ ላይ ጭነቱን ሲያራግፍ ኮንቴይነሩ እዚያው ቀረ። ሲክስተን በየጠዋቱ መኪናዋን ለሚያመጣለት አስመጪ ይደውላል።

«ሌላ መርከብ ላይ ትጫናለች፣ አይጨነቁ» ይላል አስመጪው።

«መቼ?»

«ቦታ ሲገኝ። መቼም አሮጌ መኪና ናት፤ አትበላሽም።»

«መኪናዋ ባትበላሽም ሌላ የሚበላሽ አለ» አለ ሲክስተን። ሰውዬው አልገባውም።

በጋው እንዲህ አለቀ። ሩበን በመጀመሪያ ካርታውን ረሳ። ቀጥሎ ወደ ጎተራው የሚወስደውን መንገድ። ጉላን የመኪናውን ቁልፍ ደበቀችበት፤ እሱ ደግሞ ሲፈልግ ውሎ ሲያጣው ሌባ ገብቷል አለ። አንድ ቀን ጉላን ግራ እጇ በጄሶ ታስሮ የሲክስተንን በር አንኳኳች።

«ወደቅሁ» አለች።

ሲክስተን ወንበር ሳበላት። ውሃ አቀረበላት። አልጠየቃትም፤ መጠበቅ ያውቃል።

«ወጥ ቤት ቆሜ ድንች ስልጥ መጣ» አለች ቆይታ። «‹አንቺ ማነሽ? ሚስቴ ወጥ ቤት ምን ታደርጊያለሽ?› አለኝ። ሚስትህ ነኝ ስለው ገፈተረኝ። ስወድቅ ደግሞ ደነገጠና ሊያነሳኝ ጎንበስ ብሎ፣ ‹እመቤቴ፣ ተጎዱ እንዴ? ጉላን አሁን ትመጣለች፣ እሷ ታክምዎታለች› አለኝ።» ጉላን ጄሶውን በደህናው እጇ ያዘች። «እንክብካቤ ቤት ቦታ ተገኝቷል። ሰኞ ይገባል። እኔ ነኝ የፈረምኩት ሲክስተን። እንዳትቆጣኝ።»

«ማን ይቆጣሻል?» አለ። ከዚያ ቤቷ ድረስ አብሯት ሄዶ የተረፈውን ድንች ራሱ ልጦ ቀቀለላት።

ፖንቲያኳ የደረሰችው ቅጠል መርገፍ ከጀመረ በኋላ ነው። ሲክስተን ተጎታች ተከራይቶ እስከ ዮተቦሪ ወደብ ነዳ። ዝናቡ ይጥላል። የመጋዘኑ ሠራተኛ ኮንቴይነሩን ሲከፍተው የአሪዞና ደረቅ ሙቀት እስካሁን ውስጡ ታፍኖ የቆየ ይመስል አቧራ አቧራ የሚል ሽታ ወጣ። እዚያ ነበረች። አቧራ ለብሳ፣ አንድ ጎማዋ ተንፍሶ። ሲክስተን እጁን ሞተር ክዳኗ ላይ አሳረፈ። ሃምሳ ምናምን ዓመት የጠበቀው ቀን ይህ ነው፤ ሊደሰት ፈለገ፤ ደስታው ግን በር ላይ ቆሞ አልገባ አለው። ዞር ብሎ «አየሃት?» ሊል ነበር። ከኋላው የቆመው የመጋዘኑ ሠራተኛ ነው።

«ከባድ መኪና ናት» አለ ሰውዬው። «ብቻዎን ነው የመጡት?»

«ብቻዬን ነው» አለ ሲክስተን።

ጎተራው ውስጥ አስገብቶ ቀን ከቀን ሠራት። ፍሬኗን ቀየረ፤ ነዳጅ ጋኗን አጠበ፤ ከኋላ ወንበር ሥር የበረሃ አይጥ የሠራችውን ጎጆ አወጣ። የቴክኒክ ምርመራውን አለፈች፤ ሰሌዳ ተሰጣት። ሲክስተን ሰማዩን እያየ ይጣደፋል፤ ምክንያቱም በረዶ ሲጥል መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፣ ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። በዳላርና አእምሮ ያለው ሰው እንዲህ ያለችውን መኪና በጨው ላይ አይነዳም።

ሰማዩ ጥርት ባለበት አንድ ቀን እንክብካቤ ቤቱ ግቢ ውስጥ አቆማት። ጉላን ሩበንን ካፖርት አልብሳ፣ በክንዱ ይዛ አወጣችው። ሩበን ከስቷል፤ ያ ሰፊ ትከሻ ተንጠልጥሏል። መኪናዋን ሲያይ ግን ቆመ። የጉላንን እጅ ለቀቀ። ከፊት መብራቷ ጀምሮ መዳፉን ብረቷ ላይ እያንሸራተተ እስከ ኋላ ሄደ፣ በሌላው ጎን ተመለሰ። ጉላን አፏን በእጇ ያዘች።

«እንዴት ያለች ነገር ናት!» አለ ሩበን። ድምፁ የድሮው ነው። ከዚያ ወደ ሲክስተን ዞረና በትሕትና አንገቱን ሰበር አደረገ። «የእርስዎ ናት?»

ሲክስተን መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። በዚያ አገር ሰው ሰውን «እርስዎ» ማለት ከተወ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። እነሱ ራሳቸው በልጅነታቸው «እርስዎ» ያሉት ቄሱንና የፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅ ብቻ ነው። ሩበን ግን አልቀለደም። ዓይኑ ውስጥ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ፊቱ የቆመው ደግሞ የማያውቀው ሽማግሌ ነው።

«ያንተ ናት ሩበን» አለ ሲክስተን። ቁልፉን ዘረጋለት። «ላንተ ነው ያመጣኋት።»

ሩበን እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ አልችልም። ንቄ አይደለም። ከጓደኛዬ ጋር ቃል አለን። አሜሪካ አብረን ሄደን ነው የምናመጣው። እሱ ሳይኖር በሌላ ሰው መኪና ብገባ ያኮርፋል። ሲያኮርፍ ደግሞ አያድርስ ነው።»

«ማነው ጓደኛህ?»

«ሲክስተን። የአናጢው ሄድሉንድ ልጅ። ያውቁታል?»

ሲክስተን ወደ ጉላን አየ። ጉላን አንገቷን ደፋች።

«በመጠኑ» አለ።

«እንግዲያው ዝም ሲል የተቆጣ መስሎዎት ይሆናል። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚመስለው። አልተቆጣም፤ እያሰበ ነው። ቶሎ መናገር አይችልም እንጂ ልቡ ጥሩ ነው። እኔ ባልናገርለት በረሃብ ይሞት ነበር፤ ዳቦ ቤት ገብቶ ‹ዳቦ› ማለት ያፍራል።» ሩበን ሳቀ። ሲክስተንም ሳቀ፤ ዓይኑ ሞልቶ።

«አንድ ዙር ብቻ» አለው። «ሐይቁን ዞረን እንመለስ። ሲክስተን አይሰማም።»

ይህን ባይለው ጥሩ ነበር። የሩበን ፊት ጨለመ። አንድ እርምጃ አፈገፈገ።

«እርስዎ ምን ዓይነት ሰው ነዎት? በዚህ ዕድሜዎ ሰውን ከጓደኛው ሊያጣሉ ይፈልጋሉ?»

«ሩበን፣ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ሲክስተን።»

«ሲክስተን ነው እኮ ሩብዬ፣ እየው» አለች ጉላን።

ሩበን ሲክስተንን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ይሄ ሽማግሌ?» አለ፤ ከዚያ ግቢውን በዓይኑ ማሰስ ጀመረ። «ሲክስተን የት ነው? ምን አደረጋችሁት? ጥሩልኝ! ሲክስተን!» ግቢው ውስጥ ጓደኛውን እየጠራ ሲጮህ ነርሷ ሮጣ መጥታ ትከሻውን አቀፈችው። በሩ እስኪዘጋ ድረስ ስሙን ይጠራ ነበር። የተጠራው ሰው ቁልፉን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ጉላንና ሲክስተን መኪናዋ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ሞተሩን አላስነሳም።

«እቀናበታለሁ ብልህ ትታዘበኛለህ?» አለች ጉላን። «ኦሎፍ መሞቱን ረስቷል። መወለዱንም ረስቷል። ሌሊት ሌሊት አብረን ነበር የምናለቅሰው፤ አሁን ያን ልጅ የማስታውሰው ብቻዬን ነኝ።»

«እኔም አስታውሰዋለሁ» አለ ሲክስተን። «እጄን ይዞ ጎተራው ገብቶ ብሎን እንደ መጠኑ ሲለይልኝ አስታውሳለሁ። ትንንሾቹን ይወድ ነበር።»

ጉላን ይህን አታውቅም ነበር። ደጋግማ አስነገረችው።

ሲክስተን በማግስቱ በእግሩ ተመልሶ ሄደ። ሩበን መስኮት ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ሲያየው የትናንቱን ጩኸት አላስታወሰም። «መኪና ያለዎት ሰውዬ ነዎት አይደል?» አለው። ሲክስተን ትንሽ አሰበና «አዎ» አለ። ከዚያ ወዲያ ያ ሰውዬ ሆነ። በየቀኑ ይመጣል፣ ኮፍያውን አውልቆ «እንደምን ዋሉ» ይላል፣ ይቀመጣል። ሩበን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል።

«ሲክስተንን አይተውታል?»

«ትናንት አገኘሁት። ፓስፖርት ሊያወጣ እየሄደ ነው።»

«ፎቶ ሲነሳ አልሳቀም መቼም!»

«አልሳቀም።»

«አውቄያለሁ!» ይላል ሩበን ጭኑን እየመታ።

እንዲህ እያሉ ጉዞውን አብረው አቀዱት። ቲኬቱ፣ ሻንጣው፣ በየት ገብተው በየት እንደሚወጡ፣ ማን ቀን ማን ማታ እንደሚነዳ። ዕድሜውን ሙሉ ቃል ሲያጥረው የኖረው ሲክስተን በዚያ ክፍል ውስጥ ተናጋሪ ሆነ። ቀኑ እያጠረ፣ የሩበን ድምፅ እየቀጠነ ሄደ። አንድ ከሰዓት ሩበን ብዙ ጊዜ በረዶውን ሲያይ ቆየና ቀና አለ።

«ሲክስተንን ካገኙት ብዙ አይቆይ በሉት» አለ። «እዚህ ሰዎቹ ደግ ናቸው። ግን ማንንም አላውቅም።»

«እነግረዋለሁ» አለ ሲክስተን። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

ሩበን በየካቲት ሳንባውን ታሞ ሞተ። የሞተው ሲነጋጋ ነው፤ ጉላን አጠገቡ ነበረች። ሲክስተን ሲደርስ አልጋው ተነጥፏል።

የቀብሩ ቀን ብርዱ ፊት ይቆርጣል፤ አስፋልቱ በጨው ነጭ ሆኗል። ሲክስተን ጎተራውን ከፈተ። የአካባቢው የአሮጌ መኪና ወዳጆች ክበብ ሊቀ መንበር፣ ሃሴ የሚባል ሸንቃጣ ሰው፣ ሊወስደው መጥቶ ፖንቲያኳ እየሞቀች ሲያያት ከመኪናው ዘሎ ወረደ።

«ጤናህ ነው ሲክስተን? ጨው እኮ ነው! ከሥር ጀምሮ ነው የሚበላት!»

«ይብላት» አለ ሲክስተን።

ሃሴ የራሱን መኪና በሩ ላይ ትቶ ከኋላ ወንበር ገባ። ጉላንን ከቤቷ ወሰዷት፤ ከፊት ተቀመጠች። ጨውና ጭቃ የመኪናዋን ሆድ እየደበደበ፣ የበረሃ መኪና ስለሆነች ማሞቂያዋ አለ የሚባል ሳይሆን፣ ትንፋሻቸው መስታወቱን እየሸፈነ ቤተ ክርስቲያን ደረሱ። በሩ ላይ የቆሙት የክበቡ ሰዎች መንገዱን፣ መኪናዋን፣ ከዚያ ሲክስተንን አዩ። አንዳንዶቹ ኮፍያቸውን አወለቁ።

በረዶው ሲቀልጥ የበሮቿ ሥር መዛግ ጀመረ። ቱቫ ለፋሲካ መጥታ «ለምን አትሸጣትም አባዬ? ብቻህን ምን ትሠራልሃለች?» ስትለው «ሐሙስ ሐሙስ ጉላንን ገበያ አደርሳታለሁ» አላት። እውነቱን ነው። ጉላን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከጎኑ ትቀመጣለች፤ ወተትና ድንች ይገዛሉ፤ አልፎ አልፎ ስለ ኦሎፍ አንድ ነገር ትጠይቀዋለች፤ ካለው ይነግራታል፤ ከሌለው የለኝም ይላል።

ሞተሩ ውስጥ አዲስ ድምፅ የሰማ ቀን ግን ይቸገራል። ክዳኑን ከፍቶ ጆሮውን ያስጠጋል፤ ሳያስበው እጁ ስልኩን አውጥቶ እንደ ልማዱ ሩበን ቤት ይደውላል። ጉላን ታነሳለች።

«ሲክስተን ነኝ» ይላል።

«አውቃለሁ» ትላለች።

ሞተሩ እየሠራ፣ ስልኩ እንደተያዘ፣ ሁለቱም ትንሽ ይቆያሉ።